በሳይድዊንደርና በ1,000 ክሬዲት የጠፈር ጭነት ንግድ እንዴት ይጀመራል?

ከሸዋ ሮቢት የመጣው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ኤሊት ዴንጀረስ የሚባለውን የጠፈር ጌም ላፕቶፔ ላይ ጭኛለሁ። ውጊያው አይስበኝም፤ ሸቀጥ እያመላለስኩ መነገድ ነው የምፈልገው። ያለኝ ሳይድዊንደር መርከብና 1,000 ክሬዲት ነው። አራት ቶን ጭኜ ደርሼ ስሸጥ ትርፉ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ምን ልግዛ? የት ልሽጥ? የትኛውን መርከብ ላስቀድም? እኛ ጋ መብራትና ኔትዎርክ ይቆራረጣል፤ መንገድ ላይ እያለሁ ቢጠፋ ጭነቴስ ይቀራል?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልነሳ፤ እሱ ካልተፈታ ሌላው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም። ይህ ጌም ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ብቻህን በምትጫወትበት «ሶሎ» በሚባለው ክፍል ውስጥም ቢሆን። ምክንያቱም መርከብህም፣ ገንዘብህም፣ ጭነትህም የተመዘገቡት በአንተ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። መብራት ሲሄድ የሚያድንህም ይኸው ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሰርቨሩ የነበርክበትን ሲስተም (ኮከብና በዙሪያው ያለው ሁሉ ማለት ነው) እና የጫንከውን ሸቀጥ ይዞ ይቆያል፤ በማግስቱ ብትገባም ወርቅህ ወርቅ፣ ስንዴህ ስንዴ ሆኖ ታገኘዋለህ። የማይጠብቅህ የተልእኮ ሰዓት ነው። ከጠፈር ጣቢያ ተቀብለህ የምታደርሰው ተልእኮ የሚቆጥረው እውነተኛውን ሰዓት ነው፤ አንተ ኖርክም አልኖርክም ይሄዳል። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን የቀረው ጊዜ ከአንድ ቀን ያነሰ ተልእኮ አትቀበል።

ሶሎን እንድትመርጥ የምመክርህ በሁለት ምክንያት ነው። «ኦፕን» በሚባለው ክፍል ኮምፒውተርህ ከሌሎች ተጫዋቾች ኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ደካማ ኔትዎርክ እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሶሎ ግን የምትነጋገረው ከሰርቨሩ ጋር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በሶሎ ሰው የሆነ ሽፍታ አያገኝህም፤ የሚያጋጥምህ ጌሙ ራሱ የሚነዳው ሽፍታ ነው፤ እሱን ማምለጥ ይቻላል። ገበያው በሁለቱም አንድ ነው፤ ዋጋው፣ አቅርቦቱ፣ ፍላጎቱ አይለያይም። አንድ ጥንቃቄ ጨምር፦ ኔትዎርኩ ሲንገዳገድ ካየህ ከሲስተም ወደ ሲስተም አትዝለል። ጌሙ አዲሱን ሲስተም ከሰርቨር የሚቀበለው በዝላዩ መሀል ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። ጣቢያ ላይ ቆመህ እስኪረጋጋ ጠብቅ። የጌሙ ፋይልና ማሻሻያዎቹ በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠሩ ስለሆኑ ለማውረድ የሌሊት ጥቅል ይሻላል። ለጭነት ንግድ ኦዲሲ የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል መግዛት አያስፈልግህም። ስትከፍት «ላይቭ» የሚለውን ምረጥ፤ «ሌጋሲ» የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የተለየ ዓለም ሆኗል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የዋጋ መፈለጊያዎች አይጠቅሙትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትርፉ ያልታየህ ሸቀጥ መምረጥ ስላልቻልክ አይደለም። አራት ቶን በሚጭን መርከብና በ1,000 ክሬዲት የትኛውም ነጋዴ አያተርፍም። በዚህ ጌም ወርቅ፣ ብርና ፓላዲየም በቶን በአስር ሺዎች ክሬዲት ይሸጣሉ፤ አንተ አንዲት ቶን እንኳ መግዣ የለህም። የምትችለው እህልና ርካሽ ማዕድን ነው፤ የእነሱ ትርፍ በአራት ቶን ሲባዛ የነዳጅና የመርከብ ጥገና ወጪ ይበላዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረት ከገበያ አትፈልገው፤ ከተልእኮ ሰሌዳው ፈልገው።

ጣቢያ ላይ ስታርፍ የተልእኮ ሰሌዳውን ክፈትና መልእክት የማድረስ ሥራዎችን ብቻ ለይ። መልእክት ማለት ዳታ ነው፤ የጭነት ቦታ አይወስድም፣ ወረት አይጠይቅም፣ ሽፍታ የሚዘርፈው ነገር የለውም። ዋናው ብልሃት ወደ አንድ ሲስተም የሚሄዱትን ማጠራቀም ነው። አንዱን ብቻ ይዘህ ከሄድክ ጉዞው አያዋጣም፤ ወደዚያው የሚሄዱ አራት አምስት ካገኘህ ግን አንድ ጉዞ ተጉዘህ አራት አምስት ክፍያ ትቀበላለህ። ከመቀበልህ በፊት ሁለት ነገር ተመልከት፦ መድረሻው ስንት ዝላይ እንደሚርቅና ጣቢያው ከኮከቡ ስንት የብርሃን ሰከንድ (ብርሃን በአንድ ሰከንድ የሚሄደው ርቀት) እንደሚርቅ። ከ1,000 የብርሃን ሰከንድ በታች ከሆነ መልካም፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ከሆነ ክፍያው ምንም ያህል ቢያጓጓ ተወው። በተልእኮው መጨረሻ ሽልማቱን ስትመርጥ በዚህ ደረጃ ገንዘቡን ውሰድ፤ ወረት ሲደላደል ግን ለአንድ ድርጅት ደጋግመህ በመሥራት ዝናህን ማሳደግ ይጠቅማል፤ የሚወድህ ድርጅት የተሻለ የሚከፍል ሥራ ይሰጣል።

የኮከቡን ርቀት አጥብቄ የማነሳው የዚህ ንግድ ሚስጥር እሱ ላይ ስላለ ነው። ስትዘል ሁልጊዜ የምትወጣው በሲስተሙ ዋና ኮከብ አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ ጣቢያው «ሱፐርክሩዝ» በሚባለው ፍጥነት ራስህ ትበራለህ። አልፋ ሴንቶሪ ውስጥ ሀተን ኦርቢታል የሚባል ጣቢያ አለ፤ ከኮከቡ 0.22 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በተለመደው ሱፐርክሩዝ እዚያ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ በቀጥታ መብረር ይጠይቃል። በዋጋ ዝርዝር ላይ ብቻ ለሚያይ ሰው እንዲህ ያለ ጣቢያ ጥሩ ገበያ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ትርፍህን በቶን አትለካ፤ በሰዓት ለካ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቶን የምታተርፈውን በቶን ብዛት አባዛ፤ ደርሶ መልሱ በወሰደው ደቂቃ አካፍል፤ በ60 አባዛ። ለስሌት ያህል ሁለት መንገድ እንውሰድ። በአንደኛው በቶን 3,000 ታተርፋለህ፤ ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ ግን ደርሶ መልሱ 40 ደቂቃ ነው። በሁለተኛው በቶን 1,800 ታተርፋለህ፤ ደርሶ መልሱ 12 ደቂቃ ነው። 100 ቶን ብትጭን የመጀመሪያው በሰዓት 450,000፣ ሁለተኛው 900,000 ይሰጥሃል። ርካሽ የመሰለው መንገድ እጥፍ አተረፈ። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ አጭሩ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወረትህ መንገድ ላይ ታስሮ የሚያድርበት ዕድል ያንሳል።

በዚህ ላይ የጀማሪና የደላው ነጋዴ ስሌት አንድ አይደለም። ወረትህ ትንሽ ሲሆን የሚያጥርህ ገንዘብ ነው እንጂ ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ መርከቡን ሞልተህ የምትገዛውን፣ ካወጣኸው ገንዘብ አንጻር ብዙ የሚመልሰውን ርካሽ ሸቀጥ ምረጥ። ወረትህ ሲደላደል የሚያጥርህ ቦታው ይሆናል፤ ያኔ በቶን ብዙ የሚያተርፈውን ውድ ሸቀጥ ትይዛለህ። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት ይህን ሳይለዩ ነው፤ ሃያ ቶን በሚይዝ መርከብ ሁለት ቶን ወርቅ ጭነው የቀረውን ባዶ ይዘው ይሄዳሉ።

የት ምን እንደሚሸጥ ለማወቅ የሺህ ሲስተሞችን ዋጋ መሸምደድ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጣቢያ የኢኮኖሚ ዓይነት አለው፤ እሱን ካወቅህ የሚያመርተውንና የሚፈልገውን ትገምታለህ። «ኤክስትራክሽን» ማዕድን የሚያወጣ ነው፤ ቦክሳይት፣ ኮልታን፣ ሩታይል ከእሱ ገዝተህ «ሪፋይነሪ» ለሚባለው ማጣሪያ ትሸጣለህ። ማጣሪያው ብረታ ብረት ያወጣል፤ እሱን «ኢንዱስትሪያል» እና «ሃይቴክ» ጣቢያዎች ይፈልጉታል። ኢንዱስትሪያል የእርሻና የማዕድን ማሽን ይሠራል፤ የሰብል ማጨጃውን «አግሪካልቸር» ይገዛዋል፤ ሃይቴክ ደግሞ የእርሻ መድኃኒት ለዚያው ያቀርባል። እርሻው በተራው እህል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ቡናና ሻይ ለሌሎቹ ይልካል። ወርቅ፣ ብርና ፓላዲየም አጥብቆ የሚፈልገው ሃይቴክ ነው።

አንተ ሸዋ ሮቢት ስላለህ ይህን በዓይንህ የምታየው ነገር ነው። ከእናንተ ዘንድ ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚወጣ አይሱዙ ባዶውን አይመለስም፤ የደጋውን ገብስና ባቄላ ጭኖ ይወርዳል። ቆላና ደጋ አንዱ ያለው ለሌላው ስለሚጎድል መኪናው በሁለቱም አቅጣጫ ያተርፋል። እዚህም የምትፈልገው ይህንኑ ነው፦ ሀ ላይ የተገዛው ለ ላይ የሚፈለግ፣ ለ ላይ የተገዛው ሀ ላይ የሚፈለግ፣ ሁለቱም ከኮከባቸው ቅርብ የሆኑ፣ ቢቻል በአንድ ዝላይ የሚገናኙ ጥንድ ጣቢያዎች። ሲሄድ 2,000 አትርፎ ባዶውን ከሚመለስ መንገድ፣ ሲሄድ 1,300 ሲመለስ 1,100 የሚያተርፈው ይበልጣል።

ጥንዱን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ጌሙ ውስጥ ነው። የሸቀጥ ገበያውን ስትከፍት ለእያንዳንዱ ሸቀጥ የጋላክሲው አማካይ ዋጋ ይታያል፤ ከአማካዩ በታች የሚሸጥልህን ግዛ፣ ከአማካዩ በላይ ለሚገዛህ ሽጥ። በዚያው ገጽ ከዚህ በፊት የጎበኘኸውን ጣቢያ መርጠህ ዋጋውን ካለህበት ጋር ማወዳደር ትችላለህ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በአካባቢህ ያሉትን ጣቢያዎች መጎብኘት ኪሳራ አይደለም፤ የዋጋ መዝገብህን እየሞላህ ነው። ሁለተኛው ኢናራ የሚባለው የተጫዋቾች ድረ ገጽ ነው። ያለህበትን ሲስተም፣ የጭነት መጠንህን፣ ያለህን ገንዘብና አንድ ዝላይ የሚያደርስህን ርቀት ስትሰጠው ጥንድ መንገዶችን ይዘረዝርልሃል። በስልክህ ልትከፍተው ትችላለህ።

በኢናራ ላይ አራት ነገር ሳታስተካክል አትነሳ። ዋጋው የተመዘገበበትን ሰዓት ተመልከት፤ መረጃው የሚመጣው ጣቢያው ላይ ካረፉ ተጫዋቾች ነው፤ ከአንድ ቀን በላይ ያለፈው ዋጋ ተለውጦ ሊጠብቅህ ይችላል። የጣቢያውን ርቀት እስከ 1,000 የብርሃን ሰከንድ ገድብ። የማረፊያውን መጠን ከመርከብህ ጋር አስማማ። በመጨረሻም «ፍሊት ካሪየር» የሚባሉትን አስወጣ፤ እነዚህ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ወደ ጌሙ የገቡ፣ ተጫዋቾች በ5 ቢሊዮን ክሬዲት የሚገዟቸው ተንቀሳቃሽ ጣቢያዎች ናቸው። ዋጋቸውን ባለቤቱ ይወስናል፤ አንተ ጭነህ እስክትደርስ ካሪየሩ ወደ ሌላ ሲስተም ሊሄድ ይችላል። አቅርቦቱ ከጭነትህ ብዙ እጥፍ መሆኑን፣ ፍላጎቱም እንዲሁ መሆኑን አረጋግጥ። ጣቢያው ከሚፈልገው አንጻር ብዙ ባንዴ ስትሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ትንሽ መርከብ ላለው ይህ አይሰማም፤ 100 ቶን ስትደርስ ግን ይሰማል።

ወደ መርከቡ እንምጣ። የጭነት ቦታ የሚሰጥህ «ካርጎ ራክ» የሚባለው ዕቃ ነው፤ የመጠኑ ቁጥር፣ ማለትም ክፍሉ፣ በአንድ ባደገ ቁጥር የሚይዘው እጥፍ ይሆናል፦ ክፍል 1 ባለ 2 ቶን፣ ክፍል 2 ባለ 4፣ ክፍል 3 ባለ 8፣ ክፍል 4 ባለ 16፣ ክፍል 5 ባለ 32፣ ክፍል 6 ባለ 64 ነው። ዋጋው ግን በየደረጃው ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ክፍል 4 ወደ 34,000 ሲሆን ክፍል 5 ወደ 112,000 ነው። ስለዚህ የመርከቡን ዋጋ ብቻ አይተህ «ደርሻለሁ» አትበል።

ሃውለር የሚባለው መርከብ ወደ 53,000 ክሬዲት ነው፤ ቀላልና ዝላዩ ረጅም ስለሆነ ለመልእክት ሥራ ይመቻል እንጂ ለጭነት አያሰነብትም። አደር ወደ 88,000 ነው፤ ጋሻ ይዞም 20 ቶን ይጭናል። ከእነዚህ አንዱ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስስ። የምመክርህ የመጀመሪያ እውነተኛ ግዢ ኮብራ ማርክ 3 ነው፤ ወደ 350,000 ክሬዲት። በአንዱ ክፍል 4 ቦታ ጋሻ አድርገህ፣ በቀሩት ሁለቱ ራክ፣ በሦስቱ ክፍል 2 ቦታዎች ራክ፣ በክፍል 1 ላይ የማረፊያ ኮምፒውተር ብታደርግ 44 ቶን ይጭናል። ከሁሉ በላይ ፈጣን ነው፤ ገና ማምለጥን የሚማር ነጋዴ ፍጥነት ይታደገዋል።

ከኮብራ በኋላ ታይፕ 6 ነው፤ ወደ 1,046,000 ክሬዲት። ለጭነት ተብሎ የተሠራ ነው፤ መካከለኛ ማረፊያ ላይም ያርፋል። ቦታዎቹን እንዲህ ሙላ፦ ሁለቱ ክፍል 5 ላይ 32 ቶን ራክ፣ ሁለቱ ክፍል 4 ላይ 16 ቶን ራክ፣ ክፍል 3 ላይ ጋሻ፣ ሁለቱ ክፍል 2 ላይ 4 ቶን ራክ፣ ክፍል 1 ላይ የማረፊያ ኮምፒውተር። ድምሩ 104 ቶን ነው። ጋሻውን ከክፍል 3 አታሳንስ፤ ክፍል 2 ጋሻ የዚህን መርከብ ክብደት አይችልም። ጋሻውን ጨርሰህ አውጥተህ 112 ቶን ማድረግ ይቻላል፤ እኔ አልመክርም። ጣቢያ በር ላይ አንድ ጊዜ ብትነካካ፣ ወይም ሽፍታ ሁለት ጊዜ ቢተኩስብህ፣ በስምንት ቶን ያተረፍከው የብዙ ጉዞ ትርፍ በአንድ ጥገና ያልቃል።

ቀጥሎ ገንዘብ የሚወጣበት «ፍሬም ሺፍት ድራይቭ» የተባለው የዝላይ ሞተር ነው። ዕቃዎች ከኢ እስከ ኤ ደረጃ አላቸው፤ ኢ ርካሹ፣ ኤ ምርጡ፣ ዲ ደግሞ ቀላሉ ነው። ጭነት በጨመርክ ቁጥር መርከቡ ይከብዳል፣ ዝላዩም ያጥራል፤ ባዶህን በአንድ ዝላይ የምትሄደውን ተጭነህ በሁለት ትሄደዋለህ። ክፍል 4 የሆነው ሞተር ሲ ደረጃው ወደ 179,000፣ ኤ ደረጃው ደግሞ 1,610,000 ነው፤ ኤው ከታይፕ 6 መርከብ ራሱ ይበልጣል። በሲ ጀምር፤ አንድ ዝላይ በሚርቅ ጥንድ ላይ የምትሠራ ከሆነ ወደ ኤ ለማሳደግ አትቸኩል። መሣሪያውን አውጣው፤ ነጋዴ የሚያመልጠው በመተኮስ አይደለም። ሕይወት መጠበቂያና ሴንሰር የመሳሰሉትን በዲ ተካ፤ ክብደት ይቀንሳሉ።

ዋስትናን አስታውስ። መርከብህ ሲወድም መልሰህ የምትገዛው ከዕቃዎቹ ጋር ካለው ዋጋ 5 በመቶ ከፍለህ ነው። ይህን ካልያዝክ ሁሉንም አጥተህ ወደ ሳይድዊንደር ትመለሳለህ። ጭነቱ ግን ዋስትና የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት በእጅህ የሚቀረው ገንዘብ ከመልሶ መግዣው ሁለት እጥፍ ያላነሰ ይሁን። ታይፕ 6 ተሟልቶ ወደ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል፤ መልሶ መግዣው 75,000 ነው፤ 150,000 አስቀምጥ፤ በቀረው ሸቀጥ ግዛ። በድምሩ ወደ 2 ሚሊዮን ሳይሞላ ታይፕ 6 አትግዛ፤ አለዚያ መርከቡን ገዝተህ የምትጭንበት ታጣለህ።

ጉዞው ራሱ ሰዓትህን የሚበላበት ወይም የሚያተርፍልህ ቦታ ነው። ከጣቢያ ስትወጣ የማረፊያ እግሩን እጠፍ፤ ካልታጠፈ የዝላይ ሞተሩ አይሞላም። ከጣቢያው ራቅ በል፤ ትልቅ አካል አጠገብ ሳለህ ሞተሩ ይታገዳል። ከዝላይ ስትወጣ ኮከቡ ፊትህ ላይ ስለሚሆን ወዲያው በኪቦርዱ ላይ ኤክስን ተጭነህ ፍጥነቱን ዜሮ አድርግ፣ ከዚያ ኮከቡን በጎን አልፈህ ጣቢያህን ዒላማ አድርግ።

ሱፐርክሩዝ ላይ ጀማሪው ሁሉ የሚያጠፋው አንድ ነገር አለ፦ እስከ መጨረሻው በሙሉ ፍጥነት ይሄድና ጣቢያውን አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ዞሮ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ያባክናል። ደንቡ ይህ ነው። ዒላማው ጋ የሚታየው የመድረሻ ሰዓት ሰባት ሰከንድ እስኪሆን በሙሉ ፍጥነት ሂድ፤ ሰባት ሲል ፍጥነቱን ወደ 75 በመቶ፣ ማለትም ወደ ፍጥነት መለኪያው ሰማያዊ መሃል አውርድ፤ ከዚያ በኋላ አትንካው። ቁጥሩ ሰባት ላይ ተረጋግቶ ይቆያል፤ ርቀቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆንና ፍጥነቱም ሲስማማ ለመውጣት ምቹ መሆኑን ይነግርሃል፤ ያኔ የጄን ቁልፍ ተጫን። ከስድስት በታች ከወረደ ፈጥነሃል፤ ቶሎ ቀንስ። ይህን የሚሠራልህ ክፍል 1 የሆነ «ሱፐርክሩዝ አሲስት» አለ፤ ቢሆንም በእጅህ ማወቁ ፈጣን ነው።

ጣቢያው ከ7.5 ኪሎ ሜትር በታች ሲቀር በግራው ፓነል፣ በ1 ቁጥር፣ የግንኙነቶች ገጽ ላይ የማረፊያ ፈቃድ ጠይቅ። ከዚያ በላይ ርቀት ከጠየቅህ ይከለክልሃል። በሚሽከረከር ጣቢያ በር ስትገባ አረንጓዴው መብራት በቀኝህ ይሁን፤ ቀይ በቀኝህ ከሆነ ተገልብጠሃል፤ ከፊትህ ከሚወጣ መርከብ ጋር ትጋጫለህ። ውስጥ ከ100 ሜትር በሰከንድ በላይ አትሂድ፤ በዚያ ፍጥነት ሌላውን ከነካህ ቅጣት አለ። የተመደበልህ ማረፊያ ቁጥር ይታይሃል፤ በኤል እግሩን አውርድ። የማረፊያ ኮምፒውተር ካለህ ፈቃድ ጠይቀህ ፍጥነቱን ዜሮ አድርግ፤ እሱ ያሳርፍሃል፤ በእጅ ከማረፍ ይዘገያል እንጂ መርከብ አይጎዳም። ለመጀመሪያ ሳምንትህ አንዷን የክፍል 1 ቦታ ለእሱ ስጥ።

ሽፍታው የሚመጣው ሱፐርክሩዝ ላይ ነው። ውድ ጭነት ይዘህ ሳለ ከኋላህ ሆኖ ይጎትትሃል፤ መርከብህ ይንቀጠቀጣል፣ ፊትህ ላይ ሰማያዊ ክብ ይመጣል። ክቡን በአፍንጫ እየተከተልክ ማምለጥ ይቻላል፤ ከባድ መርከብ ግን ቀስ ብሎ ስለሚዞር ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል፤ ታግለህ ስትሸነፍ ደግሞ የዝላይ ሞተሩ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የተሻለው እጅ መስጠት ነው፦ ወዲያው ፍጥነቱን ዜሮ አድርግ፤ ያወርድሃል፤ ሞተሩም ቶሎ ይነሳልሃል። ከዚያ ኃይሉን ወደ ሞተርና ወደ ጋሻ አዛውር፣ ታብን ተጭነህ ተስፈንጠር፣ ዒላማህን ጣቢያው ሳይሆን ሌላ ሲስተም አድርግና ጄን ተጫን። ይህ ልብ ይባል፦ በዚያው ሲስተም ውስጥ ወደ ሱፐርክሩዝ ለመመለስ ስትሞክር የሽፍታው መርከብ ክብደት ሞተርህን ያዘገያል፤ ወደ ሌላ ሲስተም መዝለልን ግን ሊያዘገይ አይችልም። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት የሚቀጥለውን ሲስተም መርጠህ ጠብቅ። ሕግ የሌለበት «አናርኪ» የተባለ ሲስተም ላይ የሚያልፍ ጥንድ ካገኘህ ተወው፤ ፖሊስ አይደርስልህም።

ነዳጅ በአጭር ጥንድ ላይ ችግር አይሆንም፤ በየጣቢያው ትሞላለህ። ራቅ ብለህ አዲስ ገበያ ስትፈልግ ግን «ፊውል ስኩፕ» ያስፈልግሃል፤ እሱም ቢሆን ከኮከብ ነዳጅ የሚቀዳው ዓይነታቸው ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ እና ኤም ከሆኑት ብቻ ነው። በጋላክሲ ካርታው ላይ እነዚህን ብቻ እንዲያሳይህ ማጣራት ትችላለህ። ጨርሶ ካለቀብህ መርከብህን አታውድም፤ ኦክስጅንህ ሳያልቅ ከጌሙ ውጣና ፊውል ራትስ የተባለውን የተጫዋቾች የነፍስ አድን ቡድን በድረ ገጻቸው ጥራ፤ ያለ ክፍያ ነዳጅ ያመጡልሃል። እነሱ እስኪነግሩህ ተመልሰህ አትግባ።

ስለ ሕገ ወጥ ሸቀጥ ጥቂት ልበል። አንድ ሸቀጥ በአንዱ ሲስተም የተፈቀደ፣ በሌላው የተከለከለ ሊሆን ይችላል፤ አደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። የጣቢያው ጠባቂዎች በሩ ላይ ጭነትህን ይመረምራሉ፤ ከያዙህ ትቀጣለህ፣ ዝናህም ይወርዳል። በኮንትሮባንድ የምታገኘው ብልጫ ጥንድ መንገድ ላለው ነጋዴ አያስፈልገውም፤ ገበያው ውስጥ ምልክት ስላለው ከመግዛትህ በፊት አይተህ እለፈው።

አንድ ጥንድ ላይ ደጋግመህ ስትሠራ አቅርቦቱ ይቀንሳል፣ የምትሸጥበት ዋጋም ይወርዳል፤ ትርፍህ ከመጀመሪያው በሩብ ሲቀንስ ተወውና ወደ ሁለተኛው ጥንድ ሂድ። ገበያው በጊዜ ራሱን ይሞላል። ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ በማስታወሻ ጽፈህ ብትይዝ ኔትዎርክ በሌለበት ሰዓት ኢናራን ሳትፈልግ ትጀምራለህ።

ከታይፕ 6 በኋላ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው የማረፊያ መጠን ነው። ታይፕ 7 ወደ 17.5 ሚሊዮን ነው፤ ወደ 300 ቶን ይጭናል፤ ነገር ግን ትልቅ ማረፊያ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ «አውትፖስት» የተባሉት ትንንሽ ጣቢያዎች አያስገቡትም። ፓይተን ወደ 57 ሚሊዮን ነው፤ ከታይፕ 7 ጋር የሚቀራረብ ይጭናል፤ መካከለኛ ማረፊያ ላይ ስለሚያርፍ ሁሉም ጣቢያ ይከፈትለታል፣ ሽፍታንም ይቋቋማል። ታይፕ 9 ከ76 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከ700 ቶን በላይ ይጭናል፤ ግን አንዱ ክፍል 8 ራክ ብቻ ወደ 3.8 ሚሊዮን፣ ኤ ደረጃ የዝላይ ሞተሩ ወደ 16 ሚሊዮን ነው፤ በወርቅ ልሙላው ካልክም ሌላ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ወረት ይፈልጋል። ትልልቅ ማረፊያ ያላቸው ጥንዶች ካሉህ ከታይፕ 6 ወደ ታይፕ 7 ሂድ፤ ዋጋው ከፓይተን ሲሶ በታች ስለሆነ ወረትህን ለሸቀጥ ይተውልሃል። የምትሠራበት አካባቢ አውትፖስት የበዛበት ከሆነ ግን ታይፕ 6 ላይ ቆይተህ ለፓይተን አጠራቅም።